ለግሸን መንገድ የሚሰናዳ እግር

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሆኑን፣ አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ከሮጠ ወዲህ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ከዚህ ርቀት አልፎ የሚሄደው፣ አልትራ ማራቶን የሚሉት፣ ይልቁንም ዳገትና ገደል የሚበዛበት የተራራ ሩጫ ግን ለብዙ አንባቢ ገና እንግዳ ነው። ጎርዲ አይንስሌይ የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በካሊፎርኒያ ለፈረሰኞች በተዘጋጀ የ100 ማይል ውድድር ያለ ፈረስ ገብቶ፣ አንድ ቀን ሳይሞላ በእግሩ ፈጸመው። ዛሬ በአልፕስ የሞን ብላንን ተራራ የሚዞረው ውድድር ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የዳገቱም ከፍታ ቢደመር ወደ 10,000 ሜትር ይደርሳል።

ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ግን ነገሩ በስሙ እንጂ በግብሩ እንግዳ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ከደብረ ዳሞ ተነሥተው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የመጡበትን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረው ወደ ደብረ ዳሞ የሄዱበትን ጎዳና ያሰበ ሰው፣ አበው ተራራን በእግር መቍረጥን ከተጋድሎ እንደ አንዱ ይቈጥሩት እንደ ነበር ይረዳል። ዛሬም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን፣ ጫፉ መስቀል ወደሚመስለው የአምባሰል አምባ፣ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ይጐርፋሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በእግራቸው የሚመጡ ናቸው።

ለዚህ ዓይነቱ መንገድ የሚሰናዳ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ትንፋሹ ነው፤ እኔ ግን ከትንፋሽ ይልቅ ጭን ይታሰብ እላለሁ። ዳገት ሲወጡ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ግን የሰውነትን ክብደት ለመግታት እየተለጠጠ ስለሚሠራ ውስጡ በረቂቁ ይጐዳል፣ ሕመሙም የሚበረታው በማግሥቱና በሠልስቱ ነው። ነገር ግን ፈጣሪ ለሥጋችን ታላቅ ጸጋ ሰጥቶታል፤ አንድ ጊዜ በልኩ ቁልቁለት የቀመሰ ጡንቻ ከጥቂት ቀናት ዕረፍት በኋላ ተመልሶ ቢወርድ የፊተኛውን ያህል አይጐዳም፣ ይህም ጥንካሬ ለሳምንታት ይቈያል። የግሸንን ገደል የሚወርዱትን ባልቴቶች የተመለከተ ሰው፣ ምርኩዛቸውን ከፊት አስቀድመው፣ ጉልበታቸውን ጥቂት አጥፈው፣ በአጭር በአጭሩ እየረገጡ ሲወርዱ ያያል፤ የዘመኑ አሠልጣኞች የሚያስተምሩትም ይህንኑ አረማመድ ነው።

ከጭን ቀጥሎ ሆድ ነው። ሰውነት በሚደክምበት ሰዓት ምግብ መቀበል ልምምድ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በዕለቱ የሚበላው ሁሉ አስቀድሞ በረጅም ጉዞ ላይ ሊፈተን ይገባል። ለዚህም በሶን የሚያህል ስንቅ አላውቅም፤ ተቆልቶ የተፈጨው ገብስ በቅል ውኃ ውስጥ ተበጥብጦ፣ ቁንጥር ጨው ታክሎበት ሲጠጣ ረኃብንም ጥምንም በአንድነት ያስታግሣል፤ ዱቄቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ግን ከመጎንጨት በፊት ቅሉን መነቅነቅ ያሻል። ጨውን መርሳት አደገኛ ነው፤ በረጅም መንገድ ከመጠን ያለፈ ውኃ ብቻ የጠጣ ሰው በደሙ ያለው ጨው ቀጥኖ ለብርቱ ሕመም፣ አንዳንዴም ለሞት ይዳረጋል።

ጫማን በሚመለከት አዲስ ጫማ ተጫምቶ ለረጅም መንገድ መነሣት ከስንፍና የሚቈጠር ነው፤ ውኃ የቋጠረ ተረከዝ የበረታውን ወጣት ከመንገድ ሲያስቀር፣ በለመደው ጫማ የሄደ ሽማግሌ ይደርሳል።

እንግዲህ በመጪው መስከረም፣ በሩጫም ይሁን በርምጃ፣ በእግሩ ወደ ግሸን ለመውጣት ያሰበ አንባቢ ዝግጅቱን ከሰኔ፣ ያውም ከቁልቁለቱ ይጀምር፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን እግሩን ያሳርፍ።