ሥጋውስ የት ሄደ?

ዘንድሮ የፋሲካ ዋዜማ እዚህ ቨርጂኒያ ከአንድ የሐበሻ ሥጋ ቤት ተሰልፈን ሳለን የአሥር ዓመቷ ልጄ ጥያቄ ጣለችብኝ። «አባዬ፣ ክርስቶስ የእግዚአብሔር በግ ከሆነ እኛ በግ የምንበላው ለምንድን ነው?» ከኋላችን የቆሙ እናት ሳቁ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም፤ «ቤት ስንደርስ» ብዬ አለፍኩት።

ቤት ገብተን ዘጸአት 12ን ገለጥን። በጉ በወሩ በ10ኛው ቀን ይመረጣል፣ እስከ 14ኛው ቀን ይጠበቃል፣ ሲመሽ ይታረዳል። ደሙ መቃንና ጉበኑ ላይ ይቀባል፣ አጥንቱ አይሰበርም። ነውር የሌለበት የአንድ ዓመት ተባዕት ይሁን እንጂ ከፍየልም መውሰድ ይቻላል። ልጄን የነካት እነዚያ አራት ቀናት ናቸው። «ታዲያ ይለምዱታል እኮ!» አለች። እኔም ልጅ ሆኜ አባቴ ለበዓል የገዛውን በግ ሣር ሳበላ ከርሜ፣ የታረደ ዕለት ምሳ እምቢ ማለቴ ትዝ አለኝ። (በነገራችን ላይ ያ የምንኮራበት ሙክት ለመሥዋዕት አይሆንም ነበር። ዘሌዋውያን 22 የተኮላሸ እንስሳ እንዳይቀርብ ይከለክላል።)

ወንጌላዊው ዮሐንስ የጌታ አጥንት በመስቀል ላይ እንዳልተሰበረ የሚነግረን ይህን በግ እያሰበ ነው። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስን ፋሲካችን ይለዋል። ስለዚህ ለልጄ የመለስኩላት እንዲህ ነው፦ መሥዋዕቱ አንድ ጊዜ ተፈጽሟል፣ እኛ የምናርደው የ55 ቀን ጾም ለመፍታት ነው። ትንሽ አሰብ አድርጋ «አይሁዶችስ?» አለች።

እዚህ ላይ እስራኤል ለሚኖር የጎንደር ልጅ ወዳጄ ደወልኩ። ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱን ካፈረሱ ወዲህ አይሁድ የፋሲካን በግ አይሠዉም፤ በማዕዱ ላይ ለመታሰቢያ የሚቀመጠው የተጠበሰ አጥንት ነው። ብዙዎቹማ መሥዋዕት እንዳይመስል ብለው በዚያች ሌሊት የበግ ጥብስ አይበሉም። ናብሉስ አጠገብ ገሪዛን ተራራ ላይ የሚኖሩት ሳምራውያን ግን ዛሬም በየዓመቱ ያርዳሉ።

የእኛዎቹ ቤተ እስራኤልም ያርዱ ነበር! በዓሉን እንደኛው ፋሲካ ይሉታል፣ ቂጣ ይበላሉ፣ በጉን ቄሶቻቸው ይሠዉ ነበር። የወዳጄ አባት እስራኤል በገቡበት ዓመት ቤተ መቅደስ በሌለበት መሥዋዕት እንደማይፈቀድ ተነገራቸው። ማታ ማዕድ ሲቀርብ አጥንቷን ትክ ብለው አዩና «ሥጋውስ የት ሄደ?» አሉ። ቤተሰቡ ዛሬም ይህን እያነሣ ይስቃል። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ስንት ዘመን ኢየሩሳሌምን እየናፈቁ የጠበቁትን በግ፣ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ተነጠቁ። ሕጉ ሕግ ነው፣ ረቢዎቹም ምክንያት አላቸው፤ ቢሆንም ሽማግሌውን ቀድሞ «እናንተ እንዴት ነበር የምታደርጉት?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር ወይ?

ልጄ በሚቀጥለው ፋሲካ ራሷ ደውላ ልትጠይቃቸው ነው። ዘጠና ሊሞላቸው ነውና፣ እስከዚያ መቆየት የለብንም ብያታለሁ።