ሆም ስኩል፣ ስፔሊንግና የስደተኛ ኪስ

አገር ቤት ሳለን የልጅ ትምህርት የየኔታ፣ ከየኔታም በኋላ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። ወላጅ ደብተርና እርሳስ ይገዛል፣ ልጅ ሲያጠፋ ይቆጣል፤ የቀረው የመምህሩ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ወገኖቻችን ግን ዛሬ መምህሩም፣ ርእሰ መምህሩም፣ መጽሐፍ መራጩም ራሳቸው ሆነዋል። ልጆቻቸውን “ሆም ስኩል” በሚባለው መንገድ በቤታቸው ያስተምራሉ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ባደረገው ጥናት፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች መካከል ሆም ስኩል የሚያስተምሩት በኤፕሪል መጨረሻ 5.4 ከመቶ ነበሩ። በኦክቶበር መጀመሪያ 11.1 ከመቶ ደረሱ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ቁጥሩ ከ3.3 ከመቶ ተነሥቶ 16.1 ከመቶ ገባ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ብዙዎች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት መልሰዋል፤ በዚያው የቀሩም አሉ።

ከእነዚህ ወላጆች ጋር ስንጨዋወት ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። “ልጄ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ ያነባል፤ ሲጽፍ ግን ፊደሉ ይበታተንበታል። የትኛውን የስፔሊንግ መጽሐፍ ልግዛ? እሱንስ በምን አቅሜ?” ይላሉ። አባት ታክሲ እየነዳ፣ እናት በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ እየሠራች ሦስት ልጅ ለሚያስተምር ቤት ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ገበያው ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት የሚሸጠው አያጣም።

አበው “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላሉ። እኛም ከዋጋው በፊት ከሥሩ እንጀምር።

ለእኛ ስፔሊንግ ለምን ያደናግራል?

በመንግሥት ጋዜጣ የአርትዖት ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ያሳለፍን ሰዎች የፊደል ክርክር እንግዳችን አይደለም። “ሠራ” በየትኛው “ሠ”፣ “ዓመት” በየትኛው “ዐ” እየተባለ አራሚና አዘጋጅ ሲሟገቱ ሌሊቱ ይጋመስ ነበር። ይሁን እንጂ የተሳሳተው ፊደል ቢታተም እንኳ አንባቢው ቃሉን ያለችግር ያነበው ነበር። በፊደላችን የሚታየውን ማንበብ፣ የሚሰማውን መጻፍ በአብዛኛው ይቻላል። ስለዚህ “ስፔሊንግ” የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት አልተማርንም፤ ቃለ ጽሕፈት ይበቃን ነበር።

እንግሊዝኛ ግን 44 ያህል ድምፆቹን በ26 ፊደላት ለመጻፍ የሚፍጨረጨር ቋንቋ ነው። የእኛን “ሸ” ብቻ ብንወስድ፣ “ሺፕ” ላይ በኤስ-ኤች፣ “ኔሽን” ላይ በቲ-አይ፣ “ስፔሻል” ላይ በሲ-አይ፣ “ማሽን” ላይ በሲ-ኤች፣ “ሹገር” ላይ ደግሞ በኤስ ብቻ ይጻፋል። ይህን ያየ ወላጅ “ሕግ የለውም፤ መሸምደድ ነው” ብሎ ልጁን አንዱን ቃል አሥር ጊዜ ያስገለብጠዋል።

ሕግ የለውም መባሉ ግን እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በፖል ሃና የተመራ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ17,000 በላይ የእንግሊዝኛ ቃላትን መርምሮ፣ ግማሽ ያህሉ በድምፅና በፊደል ሕግ ብቻ በትክክል ሊጻፉ እንደሚችሉ አሳይቷል። ከቀሩት ውስጥም አብዛኞቹ የሚያስቸግሩት በአንድ ድምፅ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ለልጁ ሕጉን የሚያስተምር መጽሐፍ እንጂ በየሳምንቱ 20 ቃል ሰጥቶ ዓርብ የሚፈትን ዝርዝር አይበጀውም።

ከመጽሐፉ በፊት ስሕተቱን አንብቡ

ልጁ በራሱ ቃል አንድ ገጽ ይጻፍ። ስለ ኳስም ይሁን ስለ አያቱ፣ ማንም ሳያርመው ይጻፍ። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ሳይሆን በባዶ ወረቀት ላይ ስሕተቶቹን በሦስት ረድፍ ለይቶ መጻፍ ነው።

አንደኛው ረድፍ ድምፅ የተዘለለበት ነው። “ስትሪት” ብሎ “ት”ን ከዋጣት፣ ወይም የሌለ ድምፅ ከጨመረ፣ ልጁ ቃሉን በድምፅ መበተን አልለመደም ማለት ነው።

ሁለተኛው ረድፍ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ፊደሉ የተሳሳተበት ነው። ዝናብ የሚለውን “ሬይን” “አር-ኤ-ኤን-ኢ” ብሎ ይጽፈዋል። ጆሮው ደህና ነው፤ የትኛው ቃል በየትኛው አጻጻፍ እንደሚሄድ ግን ገና አልያዘም።

ሦስተኛው ረድፍ በቃሉ ሥርና በቅጥያው ላይ የሚፈጠር ስሕተት ነው። ተስፋ ማድረግ “ሆፒንግ” በአንድ ፒ፣ በአንድ እግር መዝለል “ሃፒንግ” በሁለት ፒ መሆኑን አይለይም። “ሳይን” ውስጥ የማትሰማ ጂ ለምን እንደተቀመጠችም አይገባውም። “ሲግናል” ሲባል ጂ ትሰማለችና ሁለቱ ቃላት ዘመድ ናቸው። “ጻፈ” ስንል የጠፋው “ሐ” “ጽሑፍ” እና “ጸሐፊ” ላይ ብቅ እንደሚል ማለት ነው። ይህን አማርኛ የሚችል ወላጅ ከማንም መምህር በተሻለ ሊያስረዳው ይችላል።

የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ልጅ?

አንደኛው ረድፍ የበዛበት ልጅ ድምፅን ከፊደል ጋር በቅደም ተከተል የሚያስተምር መጽሐፍ ይፈልጋል። የሮማልዳ ስፖልዲንግ “ዘ ራይቲንግ ሮድ ቱ ሪዲንግ” እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ እየታተመ ያለ ነው። አንድ መጽሐፍ ለሁሉም ልጆች ይበቃል፤ ነገር ግን ወላጁ ራሱ በቅድሚያ አጥንቶ መግባት አለበት። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው “ዩፍላይ ፋውንዴሽንስ” እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ነው። የሚገዛው የመምህሩ መጽሐፍ ሲሆን አጋዥ ስላይዶቹንና የንባብ ጽሑፎቹን ዩኒቨርሲቲው በነጻ ለቋቸዋል። “ኦል አባውት ስፔሊንግ” ደግሞ እጅ እየያዘ የሚመራ ነው፤ መምህሩ የሚናገረው እንኳ ተጽፎለታል። ነገር ግን ሰባት ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱም ለብቻው ይገዛል። ጊዜ የሌለው ወላጅ ይህን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ሰባቱን ባንድ ጊዜ መግዛት ግን አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ረድፍ ለበዛበት ልጅ የቃላት ቤተሰብን የሚከተል ሥራ ይጠቅማል። የዶን ማኬብ “ሲኩዌንሻል ስፔሊንግ” በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ልጁ እያንዳንዱን ቃል እንደጻፈ ወዲያው ራሱ ያርማል እንጂ ዓርብን አይጠብቅም። ምንም መግዛት የማይችል ወላጅ ደግሞ ሊዮናርድ ኤርስ እ.ኤ.አ. በ1915 ያወጣውን ዝርዝር ይፈልግ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እጅግ የሚዘወተሩ 1,000 ቃላት ናቸው። የባለቤትነት መብቱ ስላበቃ ማንም ገልብጦ ሊጠቀምበት ይችላል።

ለሦስተኛው ረድፍ፣ በተለይም ዕድሜያቸው ከፍ ላሉ ልጆች፣ ሁለት አሮጌ መጻሕፍት በነጻ ይገኛሉ። አንደኛው የኖህ ዌብስተር ባለ ሰማያዊ ሽፋን መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1783፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር የነጻነት ውሏን በተፈራረመችበት ዓመት የታተመ ነው። ዌብስተር አገር ነጻ የምትወጣው በጠመንጃ ብቻ አይደለም፣ በመማሪያ መጽሐፏም ጭምር ነው ብሎ የተነሣ ሰው ነበር። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1879 የተሻሻለው የመጋፊ የስፔሊንግ መጽሐፍ ነው። ሁለቱም ቃላትን በክፍለ ቃል በትነው ያስተምራሉ። ዛሬ የማይነገሩ ቃላት አሉባቸውና እነሱን መዝለል ይቻላል።

ሒሳቡን እንዴት እንሥራ?

በሽፋኑ ላይ ያለው ዋጋ ያታልላል። ልጁ የሚጽፍበት 15 ዶላር የሆነ የልምምድ ደብተር ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን አንዴ ከተጻፈበት አለቀ። ለሦስት ልጆች፣ ለሰባት ዓመት ሲባዛ 315 ዶላር ይሆናል። በ50 ዶላር የተገዛ የመምህር መጽሐፍ ግን ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል፤ ሲያበቃም ይሸጣል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት “ለስንት ልጅ? ለስንት ዓመት? የሚያልቅ ነው የማያልቅ?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉ ባይኖረው ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ሊያስመጣ ስለሚችል መጠየቅ ነው። የሚኒሶታ ነዋሪዎች ለሆም ስኩል መማሪያ ያወጡትን በግዛቱ የግብር ቅጽ ላይ ሊያስቆጥሩ ስለሚችሉ ደረሰኝ አይጣል። በቴክሳስም እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው ሕግ ከ2026-27 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተቀባይነት ላገኘ የሆም ስኩል ልጅ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር ይፈቅዳል።

ስለ አነጋገራችን

ቃሉን ለልጁ የምንጠራለት እኛ ነን። እኛ ደግሞ ቲ-ኤችን አንዴ “ዝ” አንዴ “ስ” እናደርጋለን። በእኛ አንደበት መርከብና በግ ሁለቱም “ሺፕ” ናቸው። ልጁ የሰማውን በትክክል ጽፎ “ተሳሳትክ” ቢባል ጥፋቱ የማን ነው? ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ግን መፍትሔ ይፈልጋል። ቃሉን ሁልጊዜ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ መጥራት አንዱ ነው። ታላቅ ልጅ ለታናሹ ቃለ ጽሕፈት እንዲሰጥ ማድረግ ሌላው ነው። “ፎኔቲክ ዙ” የተባለውን የመሰለ፣ ቃላቱ በድምፅ ተቀርጸው የሚመጡበትን ሥራ መምረጥም ይቻላል። የሌሊት ፈረቃ ለምትሠራ እናት ይህ ዕረፍትም ነው።

የአቡጊዳ ጥበብ

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያስታውሳል። ልጁ ሀ ሁን እንደ ዜማ ሲወጣው የኔታ “ዐወቀ” ብለው አይለቁትም። ፊደሉ ቅደም ተከተሉን ለቆ ወደተደበላለቀበት ወደ አቡጊዳ ያሸጋግሩታል። የሸመደደውና ያወቀው እዚያ ላይ ይለያሉ። የዛሬው የስፔሊንግ ትምህርት የሚወድቀው በዚሁ ነው። ልጁ ዓርብ 20 ከ20 ያመጣል፤ ሰኞ በደብዳቤ ውስጥ ያንኑ ቃል ይስታል። ስለዚህ የትኛውም መጽሐፍ ቢገዛ፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ከአዲሶቹ ቃላት ጋር ያለፈው ሳምንትና ያለፈው ወር ቃላት ተደበላልቀው ይጠየቁ። ቃላቱም በዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ የ300 ዶላር መጽሐፍ በየቀኑ የሚከፈት የነጻ ዝርዝር ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የስክሪፕስ ብሔራዊ የስፔሊንግ ውድድርን ያሸነፈችው ዛይላ አቫንት-ጋርድ በሉዊዚያና ሆም ስኩል የተማረች፣ ውድድሩን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካ-አሜሪካዊት ናት። ያኮራል። ነገር ግን የመድረክ ውድድር ሌላ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ያለፍርሃት መጻፍ ሌላ ነው። ልጆቻችን አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው ሁለተኛው ነው።

ሕጉን እንወቅ

በቴክሳስ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1994 ውሳኔ ወዲህ ሆም ስኩል ንባብ፣ ስፔሊንግ፣ ሰዋስው፣ ሒሳብና መልካም ዜግነትን ማስተማር እንዳለበት ታውቋል። ስፔሊንግ በስሙ ተጠርቷል ማለት ነው። በቨርጂኒያ ወላጅ እስከ ኦገስት 15 የሚያስተምራቸውን ትምህርቶች ዘርዝሮ ያሳውቃል፣ በዓመቱ መጨረሻም እስከ ኦገስት 1 የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። በሜሪላንድ የልጁ ሥራዎች ይገመገማሉና ቀን የተጻፈበት የቃለ ጽሕፈት ደብተር ጥሩ ምስክር ነው። በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ግን ተጠንቀቁ። ጀርመን ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማርን አትፈቅድም፤ ስዊድንም በ2010 ባወጣችው ሕግ በጣም ልዩ ለሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር ዘግታዋለች። እዚያ ያለ ወላጅ እነዚህን መጻሕፍት ከትምህርት ሰዓት ውጪ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

“ሰነፍ” ከማለታችን በፊት

ወራት በሥርዓት ተምሮም ድምፅ የሚዘልል፣ ማንበቡም የሚከብደው ልጅ ካለ፣ ሌላ መጽሐፍ ለመግዛት አንቸኩል። ዲስሌክሲያ የሚባለው ችግር ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘመን እንዲህ ያለው ልጅ “ደደብ” ተብሎ፣ ተገርፎ፣ ከትምህርት ተባርሮ ቀርቷል። በየክፍላችን አንድ ሁለት እንደነበሩ የማያስታውስ የለም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት የትምህርት አስተዳደሮች እንዲህ ያሉ ልጆችን የመለየት ግዴታ አለባቸው፤ ይህም ሆም ስኩል የሚማረውን ይጨምራል። ወላጅ ለአካባቢው የትምህርት አስተዳደር በጽሑፍ ቢያመለክት ምርመራው ያለ ክፍያ ይደረጋል። ከምርመራው በኋላ የሚሰጠው እርዳታ እንደ ግዛቱ ይለያያል። ይህን መብት ባለማወቅ የሚጠፋው ዓመት በምንም መጽሐፍ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኤች አር 2003 የተባለው ረቂቅ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት እንዲያልፍ ስንቶቻችን ለየተወካዮቻችን ደብዳቤ እንደጻፍን፣ ስንቶቻችንም ደብዳቤውን ልጆቻችን እንዲያርሙልን እንደሰጠን እናስታውሳለን። የዚያን ጊዜ አራሚዎች ዛሬ የራሳቸው ልጆች አሏቸው። ብዕር የሚፈራ ልጅ ለራሱም ለወገኑም አይጽፍም። ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ያጽፉትና ሦስቱን ረድፍ ይለዩ፤ የሚገዛውን መጽሐፍ ያ ወረቀት ይነግርዎታል።

ቸር ይግጠመን።