ትሬይለር ሲለኝ ተሳቢ መሰለኝ

«እማማ፣ ትሬይለር ልሠራ ነው!» አለኝ የልጅ ልጄ፣ ከትምህርት ቤት ገብቶ ቦርሳውን ሶፋው ላይ እየወረወረ። እኔ ትሬይለር ሲባል የማውቀው ከጎንደር በኩል መጥቶ፣ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈውን የከባድ መኪና ተሳቢ ነው። ልጁ ብየዳ ሊማር ነው ብዬ ደስ አለኝ። «ጎሽ የኔ ጌታ! ብቻ ብልጭታው ዓይንህን እንዳይጎዳህ፣ መነጽር ሳታደርግ እንዳትጀምር» አልኩት። ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እናቱም ከጓዳ ወጥታ አብራው ሳቀች። የሚሳቀው በእኔ መሆኑ የገባኝ መጨረሻ ላይ ነው።

ነገሩ ለካ ወዲህ ነው። ልጁ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ 11ኛ ክፍል ይማራል። የትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ለወላጆች በዓል የሚታይ አጭር አስቂኝ ፊልም እየሠሩ ኖሯል። ለእሱ የደረሰው የፊልሙን ማስታወቂያ ቪዲዮና ፖስተር ማዘጋጀት ነው።

እንደ እኔ ግራ ለምትጋቡ አያቶች ላስረዳ። ትሬይለር ማለት ገና ካልታየ ፊልም ጥቂት ጥቂቱን ቆርጦ በመቀጠል፣ በሁለት ደቂቃ ገደማ «ኑና እዩኝ» የሚል ማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር የሚታየው ዋናው ፊልም ካለቀ በኋላ፣ ከኋላ ተጎትቶ ነበር። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ተመልካቹ ፊልሙ ሲያልቅ እየተነሳ መሄዱን ሲያዩ ማስታወቂያውን ወደ ፊት አመጡት፤ ስሙ ግን ሳይለወጥ ቀረ። ስለዚህ እኔም ተሳቢ ማለቴ ከነጭራሹ ስህተት አልነበረም። ይህን ራሱ ልጁ ነው አንብቦ የነገረኝ፤ ይቅርታም ጠይቆኛል።

ልጄ ግን ነገሩን አልወደደችውም። በሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ፣ ልጁ ደግሞ ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ብላ ተረተችብኝ። ስለ ሁለተኛው ምስክር አያስፈልገኝም፤ 34 ዓመት በነርስነት ሳገለግል ከቅዘን ጋር በኦአርኤስ ስታገል ነው የኖርኩት። በቀልድ የጠፋ ቤት ግን አላየሁም። ተነጋግረን ተስማማን፤ መጀመሪያ ጥናት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ለፊልሙ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልኩ እኔ ዘንድ ያድራል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ ሩቅ እንዲያይ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዓይን እንደ እግር ነው፤ አንድ ቦታ ሲቆም ይደክመዋል።

ለልጄ አንድ ነገር አስታወስኳት። የጣና ዳር ሰው ቀልድን ሊንቅ አይችልም። አለቃ ገብረሃና የተወለዱት ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ ፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። በተክሌ አቋቋም ስማቸው የሚነሳ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ ቀልዳቸው ዕውቀታቸውን አላሳነሰውም። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትር የሚባለውም ኮሜዲ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» እንስሳትን እያናገረ ሹማምንቱን ስለነካ ታገደ። ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው። ዛሬ እኛ ልጆቻችን ስልክ ላይ ሲያቀናብሩ ስናይ የምንደነግጠው ድንጋጤ አዲስ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አጠገቡ ወንበር ስቤ እያየሁ ሥራውን ተማርኩ። ፊልሙ 20 ደቂቃ ነው፤ እሱ አንድ ደቂቃ ተኩል ማውጣት አለበት። መጀመሪያ የሠራው ቀልዶቹን በሙሉ የያዘ ነበር። «ወጡን ሁሉ ለቅምሻ ካወጣኸው፣ ለገበታው ምን ይተርፋል?» አልኩት። ሳቀና ግማሹን ቆረጠ። ከሥሩ የአንድ ታዋቂ ድምፃዊ ዘፈን አስገብቶም ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መኖሩን የክበቡ ኃላፊ መምህር ነግረዋቸው፣ ክራር የሚችል ጓደኛቸው በስልክ ቀዳላቸው። ከዘፈኑ ይልቅ የክራሩ ድምፅ ቀልዱን አደመቀው።

የፊልሙ ታሪክ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮችና በየማለዳው አዲስ ደንብ የሚያወጣ አከራይ ነው። በቀን ከሁለት ጄሪካን ውሃ በላይ አይቀዳም፣ እንግዳ ከአንድ ሌሊት በላይ አያድርም፣ መብራት በሁለት ሰዓት ይጠፋል። ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ስቄያለሁ።

የትሬይለሩ ማሳረጊያ ላይ ስንደርስ ግን ሳቄ ቆመ። አከራዩ የቤት ኪራይ ሊጠይቅ ሲመጣ አንዱ ተከራይ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ይንፈራገጣል፣ አፉን በሳሙና አረፋ ሞልቶ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። የሚጥል በሽታ እንዳለበት ማስመሰሉ ነው። ጎረቤቱ «ክብሪት! ክብሪት!» እያለ ይሯሯጣል። ከዚያ የፊልሙ ርዕስ ይመጣል። ልጆቹ ከሁሉ የሚያስቀው ይህ ነው ብለው መጨረሻ ላይ ያደረጉት በምክንያት ነበር።

ዝም ስል «አላሳቀሽም እንዴ?» አለኝ። ልቆጣው አልፈለግኩም፤ ቁጣ ልጅን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያሳስበውም። አንድ ታሪክ ነገርኩት።

ገና ወጣት ነርስ ሳለሁ፣ በገጠር እሠራበት ወደነበረ ጤና ጣቢያ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በቃሬዛ አመጡ። እንጀራ ስትጋግር ጥሏት እሳቱ ላይ ወድቃለች። በዙሪያዋ የነበሩት በሽታው ይተላለፋል ብለው ፈርተው ቶሎ አላነሷትም። ሁለት እጆቿ ተቃጥለው ነበር። ለወራት ቁስሏን እያጠብን ዳነች፤ ለሚጥላትም መድኃኒት ጀመረች። ልትወጣ ስትል «በይ እንግዲህ ወደ ትምህርትሽ» አልኳት። «አልመለስም» አለችኝ። ለምን ስላት «ልጆቹ አወዳደቄን እያስመሰሉ ይጫወታሉ» አለች። እሳቱን ችላው ነበር። ሳቁን ግን አልቻለችም።

የልጅ ልጄ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከቆይታ በኋላ «እኛ በበሽተኛ አልሳቅንም፤ በሚያስመስለው ነው የሳቅነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ በሽታው ያለበት ልጅ ወይም የእሱ እናት ቢቀመጡ፣ ከፊታቸው ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ ይህን ልዩነት ማን ያስረዳቸዋል? በሰው ቁስል እንጨት የሚሰድ ሰው ሁልጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቁስሉን ስላላየው ነው።

ከዚያ ስለ አለቃ ገብረሃና አነሳን። ተረቶቹ ላይ አለቃ የሚቀልዱት በማን ነው? በነገሥታቱ፣ በመኳንንቱ፣ አንዳንዴም በራሳቸው። «ፋቡላ»ም የነካው ባለ ሥልጣኑን ነው። የእናንተ ፊልምስ? ጎበዙ ቀልድ በአከራዩ ላይ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ወርዶ በታመመ ሰው ላይ ወደቀ።

ክበቡ ውስጥ ሁለት ቀን ተጨቃጨቁ። ቀረጻው አልቋል፣ በዓሉ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፣ ዳይሬክተሩ ልጅም «አያትህ ደስ ካላላቸው አይዩት» ብሎ ነበር። በመጨረሻ እሁድ ዕለት ተሰብስበው ያችን ትዕይንት እንደገና ቀረጹ። አሁን ተከራዩ እውነት ታሞ ይወድቃል፤ ካሜራው እሱን አያሳይም። የሚያሳየው አከራዩን ነው። «ክብሪት!» እያለ ያዛል፤ ግቢው በሙሉ ክብሪት ፍለጋ ይራወጣል፣ ምድጃ ይገለበጣል፣ ዶሮ ይበረግጋል። በዚህ መሃል አንዲት ትንሽ ልጅ ነጠላዋን አጥፋ ከታማሚው ራስ ሥር ታደርጋለች፣ በጎኑ ታስተኛዋለች፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ሰውየው ሲነቃ ሁሉም መሬት መሬቱን ሲፈልግ ያገኘዋል። «ምን ጠፋባችሁ? እኔም ላግዛችሁ?» ይላል። ክብሪቱ ለካ አከራዩ ኪስ ውስጥ ነበር።

ያችን ትንሽ ልጅ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝና ለእናንተም ልድገመው። የሚጥል በሽታ አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አለባቸው፤ በትክክል ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ሰው ሲወድቅ እሳትና ስለታም ነገር አርቁለት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አንገቱን የሚያጠብቀውን ልብስ አላሉለት፣ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ በጉልበት አትያዙት፣ ውሃ አታጠጡት። የክብሪት ጭስ ምንም አይረዳውም፤ ትንፋሹን ያውከዋል እንጂ። ሰዓት ተመልከቱ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሕክምና ተቋም ውሰዱት።

ፖስተሩም የራሱ ጣጣ ነበረው። አከራዩን የሚጫወተው ልጅ ጢም እንኳ ያላበቀለ ስለሆነ ፖስተር ላይ አልከበደም። የልጅ ልጄ ምን አደረገ? የሰፈራችን ልብስ ሰፊ መኪናቸው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያንቀላፉ በስልኩ አንስቷቸው ኖሮ፣ ፎቶውን ፖስተሩ መሃል አስቀመጠው። «ጋሼን ጠይቀሃቸዋል?» አልኩት። አልጠየቀም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ የሚያልፋቸው ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ በአደባባይ የተከናወነ በዓል። የጋሼ እንቅልፍ ግን በዓል አይደለም። ልጁ እያፈረ ሄዶ ፎቶውን አሳያቸው። ጋሼ አዩና «አይሆንም፣ ልጆቼ ያዩታል» አሉ። ከዚያ ግን ጠርተው መለሱትና፣ ደንበኛ ረስቶት የሄደ ሰፊ አሮጌ ካፖርት አዋሱት። አሁን ፖስተሩ ላይ ያለው የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ ካፖርቱ ውስጥ ጠፍቶ ተኮሳትሮ ቆሟል፣ ከኪሱ ክብሪት ብቅ ብሏል። ከተኙት ሽማግሌ ይልቅ ይህ ነው ያሳቀን።

ልጁ ስለ ፖስተር ሲያነብ ያገኘውንም አሳየኝ። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 የሠሩት አጭር ፊልም ከመጀመሪያዎቹ ኮሜዲዎች አንዱ ነው። አትክልተኛ ውሃ ሲያጠጣ አንድ ልጅ ከኋላ ጎማውን ይረግጥበታል፤ ሰውየው ውሃው ለምን ቆመ ብሎ ጫፉን ሲያይ ልጁ እግሩን ያነሳል፣ ፊቱም ይታጠባል። በቀጣዩ ዓመት የተሠራው ፖስተር ላይ ፊልሙን እያዩ የሚስቁ ተመልካቾች ይታያሉ። ቀልዱ ከውሃ ሌላ ያደረሰው ጉዳት የለም።

እኔ በበኩሌ ከክትባት ፖስተሮች የተማርኩትን ነገርኩት። የመጀመሪያው ንድፍ ላይ የክበቡን አባላት ስም በሙሉ ደርድሮ፣ ቀኑና ሰዓቱ ጥግ ላይ ተደብቀው ነበር። «በሩ ጋ ቆመህ አንብበው» አልኩት። አልቻለም። ርዕስ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ በትልቁ፤ ሌላው ከሥር በትንሹ። ከሩቅ የማይነበብ ፖስተር ግድግዳ ማበላሸት ብቻ ነው።

የወላጆች በዓል ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ወላጅ ቆሞ ነበር ያየው። ሰው ከልቡ ሲስቅ ካየሁ ቆይቼ ነበር። አከራዩ ኪሱ ውስጥ ክብሪቱን ሲያገኝ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አባት እንባቸውን ጠረጉ። ስንወጣ አንዲት ጎረቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ ወደ ጥግ ሳበችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ እውነት ክብሪቱ አይረዳም?» አለችኝ። አይረዳም አልኳት። ለምን እንደጠየቀችኝ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ቤቴ መጣች፣ ቡና አፍልተን ብዙ አወራን።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ፊልም ልሥራ ካለ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡ። ሦስት ነገር ጠይቁት። የሚሳቀው በማን ነው? ፊቱ የሚታየው ሰው ፈቅዷል? ያ ሰው አዳራሹ ውስጥ ከፊት ወንበር ቢቀመጥ አብሮን ይስቃል? መልሱን ልጁ ራሱ ያገኘዋል።

ልጄም በዓሉ ሲያልቅ አንዱን ፖስተር ከግድግዳው ነቅላ ቤት አመጣች። ሳሎን ተሰቅሏል። ተረቷን ግን እስካሁን አልመለሰችም።

ቸር እንሰንብት።