የዓለት ስንጥቅና የምድር መናወጥ ሞገድ
የጉለሌ ድንጋይ ጠራቢ ድንጋዩን በመዶሻ ሲመታው ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ይታፈናል፤ ጆሮው የለመደ አይሳሳትም።

የምድር መናወጥ ሞገድም እንዲሁ ነው። የውቅያኖስ ወለል ላይኛው ዓለት ስንጥቅ ስለሚበዛበት ፈጣኑ ሞገድ እንኳ በዚያ ይዘገያል፤ በጥልቁ ግን የላዩ ክብደት ስንጥቁን ስለሚገጥመው፥ ማዕድንም ስለሚደፍነው፥ በሰኮንድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስንጥቆቹ በአንድ ወገን የተሰለፉ እንደ ሆነ ደግሞ ሞገዱ እነርሱን ተከትሎ ሲሄድ ይፈጥናል፥ አቋርጦ ሲያልፍ ይዘገያል። ስለዚህ መርማሪው ጕድጓድ ሳይቆፍር የስንጥቁን አቅጣጫ ያውቃል።

ወደ ውቅያኖስ ወለልነት በመለወጥ ላይ ባለው በአፋር፥ በዳባሁ አጠገብ፥ በመስከረም 1998 ዓ.ም 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል ስንጥቅ ቀልጦ በወጣ ዓለት ተሞልቶ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር ለያያት። በ2017 ዓ.ም ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ሞገድ ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ ቤት አነቃንቋል።