ዱባው ምን አጠፋ?

አምና በጥቅምት፣ አንድ የሥራ ቀን ረፋድ ላይ፣ ቨርጂኒያ ስካይላይን በምንኖርበት ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ የጎረቤቴን የአምስት ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር አገኘሁት። «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኩት። እናቱ ቀድማ መለሰች። «ክፍሉ በሙሉ ፓምፕኪን ፓች፣ ዱባ እርሻ ሄዷል። እኛ የሰይጣን በዓል አናከብርም።» ልጁ ጫማውን እያየ፣ «እኔ ዱባ ብቻ ነበር የምፈልገው» አለ።

በእናትየዋ አልፈርድም። ጥቅምት በገባ ቁጥር በቴሌግራም የሚዞረው «ሃሎዊን የሰይጣን በዓል ነው» የሚል የድምፅ መልእክት እኔም ዘንድ ይደርሳል። የምፈርደው የዱባ እርሻ በር ረግጠው ሳያውቁ እናቶችን በሚያስፈራሩት ላይ ነው።

ተረት፦ ዱባ እርሻ መሄድ ሃሎዊንን ማክበር ነው።

እውነታ፦ ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ኖቬምበር 1 ቀን ቅዱሳንን ሁሉ ያስባሉ፤ ሃሎዊን የሚለው ስምም የዚያ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ኬልቶች የተባሉት የአየርላንድና የአካባቢው የጥንት ሕዝቦች በዚሁ ሰሞን የራሳቸው የመኸር ማብቂያ በዓል ነበራቸው። ሁለቱ ምን ያህል እንደተቀላቀሉ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። በየደጁ አጽምና ደም የመሰለ ጌጥ ሲሰቀል ቅር የሚለው ወላጅ እንግዲህ አልተሳሳተም። እኔም ለልጄ የአጽም ልብስ ገዝቼ አላውቅም። ልክ ስለመሆኔ ግን ቆርጬ አልናገርም።

ዱባው ግን ምን አገባው? ዱባ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። በሜክሲኮ ኦአሃካ ግዛት በሚገኝ ዋሻ ውስጥ የተገኘው የለማ ዱባ ዘር ወደ 10,000 ዓመት ዕድሜ አለው። ከኮሎምበስ በፊት አውሮፓ ውስጥ ዱባ ስላልነበረ፣ የጥንት ኬልቶች በዓይናቸውም አላዩትም። አየርላንዳውያን ለሃሎዊን ፊት እየቀረጹ መብራት ያስገቡ የነበረው ተርኒፕ በሚባል ሥራ ሥር ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ፣ ከተርኒፕ የሚተልቅና ለመፈልፈል የሚቀል ዱባ አገኙ። ስደተኛ ባገኘው ይሠራል። ጤፍ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን እዚህ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት አብኩተን እንጀራ የጋገርን ሰዎች ይህን ማንም ሊያስረዳን አይገባም።

እርሻውም ቢሆን የሚከፈተው ዱባውና በቆሎው ሲደርስ ነው። ሴንተርቪል ያለው ኮክስ ፋርምስም ሆነ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው የሚቀርበው የጀርመንታውኑ በትለርስ ኦርቻርድ ቀን ላይ ለልጅ የሚያቀርቡት በትራክተር የሚጎተት ድርቆሽ ያለበት ጋሪ፣ መንሸራተቻና የዱባ ክምር ነው። አንዳንድ እርሻ ማታ ለጎረምሶች የማስፈራሪያ ዝግጅት አለው። እሱ ግን በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ትኬት ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል የተባለው ለዚህ አይነቱ ነው።

ደግሞስ የደመራን እሳት ያየ ፈረንጅ «እሳት ያመልካሉ» ቢለን እንዴት እንቆጣ ነበር! በቡሄ በየደጁ ሆያ ሆዬ ብለን ሙልሙል ተቀብለን ያደግን ሰዎች፣ በሃሎዊን ማታ የጎረቤት ሕፃን ከረሜላ ሊለምን ሲያንኳኳ መብራት አጥፍተን እንደበቃለን።

ዱባው የሚለቀምበት ጊዜ እኮ የራሳችን ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ሲሆን፣ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ይታሰብበታል። በዚህ ጊዜ ለሚጾም ቤተሰብ የዱባ ወጥ ሲሳይ ነው። ልጁን ዱባ ከማሳ እንዳያነሳ የከለከለ ቤት፣ ማታ ያንኑ ዱባ ከሱቅ ገዝቶ ይወጠውጣል።

ሌሎቹን ተረቶች ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው።

ተረት፦ ለወጥ ትልቁ ዱባ ይሻላል።
እውነታ፦ ለመቅረጫ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ይበላል፤ ግን ውሃና ክር ይበዛበታል። ለወጥ ትንሹን ሹገር ፓምፕኪን ይምረጡ። ተቀርጾ ደጅ የሰነበተውን ወደ ድስት አይመልሱ።

ተረት፦ እርሻው ላይ የሚሸጠው ሳይደር አልኮል ነው።
እውነታ፦ አሜሪካ ውስጥ ሳይደር ሲባል ያልተጣራ የፖም ጭማቂ ነው። አልኮል ያለው «ሃርድ ሳይደር» ይባላል። መጠንቀቅ ያለብዎት ጀርም ለመግደል ሳይሞቅ (ፓስቸራይዝድ ሳይሆን) ከቀረው ሳይደር ነው። እንዲህ ያለው ታሽጎ ሲሸጥ ማስጠንቀቂያ ሊጻፍበት ግድ ነው። እዚያው ተጨምቆ በብርጭቆ ሲቀዳ ግን ይህ ግዴታ የለም። ለልጅ ከመስጠትዎ በፊት «ፓስቸራይዝድ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ተረት፦ እርሻው ላይ ፍየል ከነኩ በኋላ ሳኒታይዘር ይበቃል።
እውነታ፦ ጤነኛ የሚመስል ፍየልና ላም ኢኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህ ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ይበረታል። ልጁን ከምግብ በፊት በሳሙናና በወራጅ ውሃ ያስታጥቡት። ሳኒታይዘር ውሃ ሲጠፋ ነው።

ተረት፦ ብርዱ ልጁን ጉንፋን ያሲዘዋል።
እውነታ፦ ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው፤ እሱም ከሜዳ ይልቅ በተዘጋ ቤት ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ይተላለፋል። እናቶቻችን ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ አንዳንዱ ቫይረስ በቀዝቃዛና ደረቅ አየር ይመቸዋል። ስለዚህ ጃኬት ያልብሱት፣ ግን ያውጡት።

ዘንድሮም የፈቃድ ወረቀቱ በልጅዎ ቦርሳ ይመጣል፤ የድምፅ መልእክቱም በስልክዎ ይደርሳል። መልእክቱን ያጥፉትና ወረቀቱን ይፈርሙ። ልጁ ዱባውን ታቅፎ ሲመለስ ሽንኩርቱ ተከትፎ ይጠብቀው።