ደሙ አልቆም ያለ ሕፃን

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን መገረዙ የቆየ ልማድ ነው። ደሙም ወዲያው ይቆማል። አንዳንዱ ሕፃን ግን ደሙ ሲንጠባጠብ ያድራል። ይህን ጊዜ ገራዡን ከመውቀሳችን አስቀድሞ ሄሞፊሊያ የተባለውን ደዌ ልናስብ ይገባናል።

ደምን የሚያረጉት ፕሮቲኖች በቁጥር ይጠራሉ። በዚህ ደዌ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ስምንተኛው ነው። ጉድለቱ በእናት በኩል ለወንድ ልጅ ይተላለፋል፤ ሆኖም ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ያህል በዘር አልታየም።

ሕክምናው የጎደለውን ፕሮቲን በደም ሥር መስጠት ነው። ዳሩ ግን ደዌው ከጸናባቸው ከ100 ሕሙማን 30 በሚያህሉት ላይ፣ አንቲቦዲ የተባሉት የሰውነት ዘቦች ይህን ረዳት እንደ ባዕድ ቆጥረው ያከሽፉታል።

የሚያስደንቀው፣ መፍትሔውም ከአንቲቦዲ መገኘቱ ነው። በ2010 ዓ.ም. አሜሪካ የፈቀደችው ኤሚሲዙማብ በአንድ ክንዱ ዘጠነኛውን፣ በሌላው ዐሥረኛውን ፕሮቲን ይዞ በማገናኘት የስምንተኛውን ሥራ ይሠራል። ዘቦቹም አያውቁትምና አያጠቁትም።

ወላጆች ሆይ! የእናቲቱ ወንድም ደም አልቆም ብሎት እንደ ነበረ ከሰማችሁ፣ ሐኪም ሳይመረምረው ሕፃኑን አታስገርዙ። ዐፄ ገላውዴዎስ በሃይማኖት መግለጫቸው ግዝረት የአገር ልማድ መሆኑን አስረድተዋልና መዘግየቱ አያሳስባችሁ። ለሚደማው ልጅ አስፕሪን አትስጡ፤ እንጥሉንም አታስቆርጡ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ፈጥናችሁ አድርሱት። በአዲስ አበባም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህን ደዌ ያክማል።