ላፕቶፑ ሲበላሽ ድርሰቱ የት ይገኛል?

በምዕራብ ዓባያ ወረዳ፣ በብርብር ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ ግጥም የሚጽፉ፣ ዜማ የሚደርሱና ለትምህርት ቤት ክበብ ተውኔት የሚያዘጋጁ ወጣቶች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ቦታ ከደብተር ወደ ላፕቶፕና ወደ ስልክ እየተሸጋገረ መጥቷል። አባቶች በዱቡሻ የሚናገሩትን፣ እናቶች በሠርግና በለቅሶ የሚያዜሙትን ቀርጸው የሚያስቀምጡም አሉ። በጋሞኛ ታትሞ በገበያ የሚገኘው መጽሐፍ ገና ጥቂት በመሆኑ፣ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ድምፅ ወይም ድርሰት ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ የለውም። ማሽኑ አንድ ቀን አልነሳ ሲል የሚቀረው ነገር የአንድ ሰው ድካም ብቻ አይሆንም።

ጉዳቱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከመብራት ነው። ሰው በሚጽፍበት ሰዓት ጽሑፉ ያለው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ በሚሠራ ጊዜያዊ ማኅደር ላይ ነው። ወደ ቋሚው ማኅደር፣ ማለትም ወደ ሃርድ ዲስኩ የሚገባው «ሴቭ» ሲደረግ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም መሥራት ነበረበት፤ ሆኖም ባትሪያቸው ደክሞ በቀጥታ በመስመር ብቻ የሚሠሩ ላፕቶፖች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ መብራት በሄደ ቅጽበት ድርግም ይላሉ። የዎርድ ፕሮግራም በራሱ ጊዜ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ስለሚይዝ፣ መልሶ ሲከፈት በግራ በኩል የሚያሳየውን ዝርዝር ሳያዩ መዝጋት አይገባም። ብዙ ሰው ግን ተበሳጭቶ ይዘጋዋል።

መብራት ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ለአፍታ ከልክ በላይ ከፍ ሊል ይችላል። መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ነው። የቆላው ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ላፕቶፕ በአልጋ ወይም በብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ የአየር መግቢያው ይታፈናል፤ በአቧራ የተደፈነ ማራገቢያ ሲጨመርበት ማሽኑ ራሱን ያጠፋል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል።

በቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው። የሚያነበው መርፌ መሰል ክፍል ከሳህኑ በላይ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ይንሳፈፋል። ማሽኑ እንደበራ በባጃጅ ወይም በሞተር ሳይክል ሲንገጫገጭ መርፌው ሳህኑን ሊነካና ሊጭር ይችላል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መንቀጥቀጥን ይችላል፤ ሲበላሽ ግን ብዙውን ጊዜ ምልክት አይሰጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ላፕቶፑ አልነሳም ማለት ጽሑፉ ጠፋ ማለት አይደለም። ስክሪኑ፣ ቻርጅ መቀበያው ወይም ዋናው ቦርድ ተበላሽቶ ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ዲስኩ በዊንዶ መፍቻ ወጥቶ፣ በኬብል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ እንደ ፍላሽ ሊነበብ ይችላል። ማኅደራቸው ከቦርዱ ጋር በተጣበቀባቸው አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ግን ይህ አይሠራም።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከብልሽቱ በኋላ፣ በጥገና ቤት ነው። ዊንዶውስ ሲበላሽ ጠጋኙ «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ ባለቤቱም ማሽኑ እንዲሠራለት ስለሚቸኩል «ይደረግ» ብሎ ይሄዳል። በዴስክቶፕና በዶክዩመንት ውስጥ ያለው ፋይል የሚቀመጠው ግን ዊንዶውስ ባለበት በዚያው ክፍል ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይጠረጋል። ጠጋኙ አጥፍቷል ማለት አይቻልም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ስለዚህ ላፕቶፕ ሲሰጥ የመጀመሪያው ቃል «ውስጡ ያለው ፋይል ሳይወጣ ፎርማት እንዳይደረግ» መሆን አለበት። በወረቀት ጽፎ በላዩ ላይ መለጠፍ ደግሞ የተሻለ ነው፤ በቃል የተነገረ ነገር በሥራ ብዛት ይረሳል።

ፋይል በስሕተት ቢጠፋ ወይም ፎርማት ቢደረግም ወዲያውኑ ተስፋ አይቆረጥም። ነገሩን ለአርሶ አደር በመሬት መዝገብ ማስረዳት ይቀላል። ከቀበሌው መዝገብ የአንድ ማሳ ባለቤት ስም ቢሰረዝ በማሳው ላይ የቆመው በቆሎ በዚያው ሰዓት አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሌላ ሰው «ባዶ ነው» ብሎ ገብቶ ሲያርሰው ነው። ሃርድ ዲስክም፣ ፍላሽም፣ የስልክ ሜሞሪ ካርድም እንዲሁ ናቸው። የሚሰረዘው መዝገቡ ነው፤ ጽሑፉ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት በቦታው ይቆያል። በመሆኑም አንድ ነገር መጥፋቱ እንደታወቀ በዚያ ዕቃ ላይ ሙዚቃ መጫን፣ ፊልም መገልበጥ፣ ፎቶ ማንሳት ማቆምና ወደ ባለሙያ መውሰድ ይገባል። ኤስኤስዲ ከዚህ ይለያል፤ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳው የማዳን ዕድሉ ጠባብ ነው። ሃርድ ዲስኩ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ደጋግሞ ማብራት ጉዳቱን ስለሚያብሰው ወዲያው ማጥፋት ነው።

በፍላሽ በኩል ያለው ችግር የተለየ ነው። በቫይረስ ምክንያት ፋይሎች ሁሉ ወደ «ሾርትከት» ተለውጠው ሲታዩ ባለቤቶች ደንግጠው ፍላሹን ያጸዱታል። በዚህ ጊዜ ግን ዋናዎቹ ፋይሎች ብዙውን ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ባለሙያ በጥቂት ደቂቃ ሊያወጣቸው ይችላል።

እንዲህ ያለ ጥፋት ብዙ ጊዜ ከሌላ ችግር ጋር ተደርቦ መምጣቱ በአጋጣሚ አይደለም። ቤት ውስጥ ሕመም ወይም ለቅሶ ሲኖር፣ ከጋሞ ደጋ የሚወርዱ ወንዞች ሞልተው ሰው ዕቃውን አንሥቶ ሲሸሽ፣ ላፕቶፑ ይወድቃል፣ ይረጥባል፣ በችኮላ ይሸጣል፣ ለዘመድ ይዋሳል። ቅጂ ማስቀመጥን የሚያስብ ሰው በዚያ ሰዓት የለም። ብዙ ሰው ደግሞ እንጉርጉሮውንና ግጥሙን የሚጽፈው በዚያው በጭንቅ ጊዜ ነው። «ሌላ ትጽፋለህ» የሚለው ማጽናኛ የማይዋጥለት ለዚህ ነው፤ በሐዘን ሰዓት የተጻፈው ከሐዘኑ በኋላ ከሚጻፈው ጋር አንድ አይሆንም።

ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስረው ሳለ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ የሚታወቀውን የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ የተረጎሙት በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ወደ 3,000 የሚጠጉት ወረቀቶች በሚፈቱ እስረኞች እጅ በጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤት ወጡ። ነቢይ ከተፈቱ በኋላም ወረቀቶቹን ከየሰዉ ቤት መሰብሰብ ነበረባቸው። ኮምፒውተር ያልነበረበት ታሪክ ቢሆንም ሥራው የተረፈው በአንድ ቦታ ስላልተከማቸ ነው።

ተቃራኒው በአሜሪካዊው ደራሲ ኤርነስት ሄሚንግዌይ ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1922 ባለቤቱ ሃድሊ የጽሑፎቹን ዋና ቅጂ ከካርቦን ግልባጩ ጋር በአንድ ሻንጣ አድርጋ ስትጓዝ ሻንጣው በፓሪስ ባቡር ጣቢያ ተሰረቀ። ግልባጭ ነበረው፤ ግልባጩ ግን የተቀመጠው ከዋናው ጋር ነበር። ዛሬ ላፕቶፑንና ፍላሹን በአንድ ቦርሳ የሚይዝ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ባለ ብዙ ገንዘብ ድርጅትም ቢሆን አይድንም። «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው የአኒሜሽን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1998 በሥራ ላይ ሳለ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛው ክፍል ከፒክሳር ኮምፒውተሮች ተሰረዘ። የመጠባበቂያ ቅጂው ሲፈተሽ ለካ በትክክል አይሠራም ነበር። ፊልሙን ያዳነው ከባለሙያዎቹ አንዷ የነበረችው ጌሊን ሱስማን ልጅ በመውለዷ ከቤቷ ሆና ስለምትሠራ በቤቷ ኮምፒውተር የያዘችው ቅጂ ነው። ኮምፒውተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በመኪና ወደ መሥሪያ ቤቱ ተወሰደ።

የምዕራብ ዓባያ ሙዝ አምራች ይህን ዘዴ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሙዝ የሚራባው በዘር ሳይሆን ከእናቲቱ ሥር በሚፈልቀው ቡቃያ ነው። ጥሩ ዝርያ ያገኘ አርሶ አደር ቡቃያውን ለጎረቤት፣ ለአማች ይሰጣል፤ ጎርፍ የእርሱን ማሳ ቢወስድበት ከዚያው ከሰጠበት መልሶ ያመጣል። ድርሰትም በሌላ ሰው ቤት መቀመጥ ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ወጪው እንደሚፈራው አይደለም። ፎቶ የሌለው የ300 ገጽ ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሜጋ ባይት አይበልጥም፤ በኢሜይል ለራስ መላክ ይቻላል። በኤምፒ3 የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ወደ 1 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። በቴሌግራም ለራስ መልእክት በሚቀመጥበት ቦታ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ይቀበላል፤ ጎግል በነፃ የሚሰጠው ማኅደር 15 ጊጋ ባይት ነው። ሆኖም በኢንተርኔት ብቻ መተማመን አይቻልም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠበት ወቅት በዚያ ብቻ ሥራውን ያስቀመጠ ሰው ሊደርስበት አልቻለም ነበር። ሁለተኛው ቅጂ በፍላሽ ሆኖ በእህት ወይም በጓደኛ ቤት ቢቀመጥ፣ ግጥምና ተውኔት ደግሞ በወረቀት ቢታተም ይበጃል። ፍላሹን በየጥቂት ወሩ ከፍቶ መፈተሽ ሊረሳ አይገባም፤ የፒክሳርም ቅጂ ሳይፈተሽ ነበር የተቀመጠው።

ሁሉም ሳይሳካ ቀርቶ ሥራው በእርግጥ ከጠፋ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋጋ አላቸው። የሚታወሰውን ስንኝ፣ የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም ሳይመርጡ በደብተር ማስፈር ነው፤ ትውስታ ሲውል ሲያድር ይሳሳል። ከዚያ ሥራውን ያነበበ ወይም የሰማ ሰው ይጠየቃል። ለመምህር የተላከ ረቂቅ፣ ለጓደኛ በስልክ የተላከ ዜማ፣ ለተዋንያን የተባዛ የተውኔት ገጽ በየሰዉ እጅ ይገኛል። ከሽማግሌዎች የተቀዳ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ተናጋሪው በሕይወት ካሉ ወደ እርሳቸው ተመልሶ እንደገና መቅዳት ይቻላል፤ በዚህኛው ጊዜ በሁለት ስልክ።